ለእናቴ የፈጠርኩት ሾፌር

ታላቅ ወንድሜ ከሃያ ዓመት በላይ ከአውሮፕላን በፓራሹት ሲዘል፣ ሌሎችንም ሲያዘልል ኖረ። የአየር ወለድ አሰልጣኝ ነበር። እናታችን የምታውቀው ግን ሾፌር መሆኑን ነው፤ ለወታደሮች መኪና መንዳት የሚያስተምር ሾፌር። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ለስልጠናው የተመረጠ ሰሞን ራሱ ደውሎ፣ «ለእማዬ ሌላ ነገር በላት፤ ይህን ከሰማች እህል አትቀምስም» አለኝ። ሞላሌ ገበያ አግኝቻት ሾፌር ሆነ አልኳት። ለምን ሾፌር እንዳልኩ አላውቅም፤ ያን ሰዓት ዓይኔ ያረፈው የጭነት መኪና ላይ ስለነበር ይሆናል። ደስ አላት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔ ደግሞ መሐል ሜዳ ከተማ የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪ «ደብተሬን ረስቼ መጣሁ» ሲለኝ ዓይኑን አይቼ ውሸቱን አውቃለሁ እያልኩ የምኩራራ!

ወንድሜ ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ዝላይ የሚያወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነበር። ከእናቴ ቤት ጀርባ፣ የገብሱ ማሳ ዳር ቁጭ ብለን፣ ሰልጣኞቹ የአውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርሱ የበሩን ጠርዝ እንዴት ሙጭጭ አድርገው እንደሚይዙ፣ እሱም ትከሻቸውን ይዞ እስኪረጋጉ እንዴት እንደሚጠብቃቸው ያጫውተኛል። ገፍትሮ አያውቅም። «የፈራን ሰው ከገፋኸው ሁለተኛ አያምንህም» ይል ነበር። ራሱ የሚዘለው ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የመጣ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ጉንጩን ነፋስ እያርገበገበው፣ እንደ ሕፃን እየሳቀ ይወርዳል። «አሁንስ በቃ፤ ለእማዬ እናሳያት» አለ። «እኔም አረጀሁ እኮ። ሥራዬን ሳታውቅ ልትሞት ነው?» አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ለእሷ አዝኜ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ስዋሻት እንደኖርኩ ስታውቅ ፊቷን ማየት ፈራሁ። «ፋሲካ ይለፍና» አልኩት። እሱም የሰው ፍርሃት ይገባው ስለነበር ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ። ባልደረባው ደውሎ እንደነገረኝ፣ ሰልጣኞቹን ሁሉ አዘልሎ መጨረሻ ላይ እሱ ወጣ። ፓራሹቱ ተጠላለፈበት፤ መጠባበቂያውም በጊዜ አልተዘረጋለትም። እናቴ ዘንድ ከመግባታችን በፊት መርዶ ነጋሪዎቹ፣ «ምን ሆኖ ሞተ እንበላት?» ብለው ጠየቁኝ። አፌ የለመደውን አወጣ። «መኪና» አልኩ። ከዚያም መንዳት የሚያስተምር ሰው ራሱ ገልብጦ ሞተ እንዳይባልበት፣ «ሌላ ሾፌር መጥቶ ገጨው» ብዬ ጨመርኩበት።

ለቀብሩ ባልደረቦቹ ቀይ ቆቡንና ሰማይ ላይ ሆኖ የተነሣውን ትልቅ ፎቶ ይዘው መጡ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጠበቅኋቸውና ፎቶውን በጋቢዬ ሸፈንኩት። «እናቱ አታውቅም፤ እባካችሁ» አልኳቸው። ከመካከላቸው ወንድሜ ያሰለጠነው አንድ ጠና ያለ ሰው ትክ ብሎ አየኝና፣ «እሺ፣ እንዳልክ» አለ። አልቃሿም እንደ ልማዱ የሟቹን ሙያ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እናም ወንድሜ መሪ እየጨበጠ፣ የጣርማ በርን ዳገት እየወጣ ተለቀሰለት። ባልደረቦቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በእኛ አገር ሰው የገደለ፣ ሳያስበው ቢሆንም እንኳ፣ ሽማግሌ ይልካል፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ከሟች ቤተሰብ እግር ላይ ይወድቃል። እናቴ ያንን ሾፌር መጠበቅ ጀመረች። አርባው እንዳለፈ ደህናውን ባና፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሷን፣ ከሳጥን አውጥታ፣ ለሽማግሌዎቹ ብላ መደቡ ላይ አነጠፈችው። ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ገና ከበር፣ «አልላከም?» ትለኛለች።

«አልላከም።»

«ምን ያለች እናት ወለደችው!»

ክረምቱ አለፈ፣ ገብሱም ታጨደ። እሷ ቂሙ እየጠናባት ሄደና መቁረብ ተወች። የንስሐ አባቷ ይቅር እንድትለው ቢመክሯት፣ «ይቅር በዪኝ ያላለኝን ምኑን ይቅር ልበለው፣ አባቴ?» አለቻቸው። እሳቸውም ለብቻዬ ጠርተው፣ «አንተ የተማርህ ነህ። ይህን ሰው ፈልገህ አስታርቃቸው፤ እናትህ በቂም እንዳትሞት» አሉኝ። ያኔ እንኳ፣ ለእሳቸው እንኳ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እሺ አባ፣ እፈልገዋለሁ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

ባለፈው ጥር እናቴ ታመመች። አንድ ጠዋት አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ «ከእንግዲህ አልጠብቀውም» አለች። «እንደምትፈልገው አባ ነግረውኛል፤ ስልኩን አታጣውም። ደውልለትና ይቅር ብላሃለች በለው። የእኔን ድምፅ ከሰማ ይደነግጣል፤ አንተው ንገረው።» ወጣሁ። በመስኮት ብታየኝስ ብዬ የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ማሳው ዳር ወዲያ ወዲህ አልኩ። ከንፈሬንም አንቀሳቀስኩ። ይህን ያደረገው ልጆች ያሳደገ ትልቅ ሰው ነው።

«ምን አለ?» አለችኝ ስመለስ።

«አለቀሰ።»

እሷም አለቀሰች። «ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

«መንዳቱን እንዳይተወው፤ እንጀራው ነው። ለመሆኑ ክርስትና ስሙን ጠየቅኸው? በጸሎት ላስበው።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን የክርስትና ስም ሰጠኋት። ደጋግማ አለችው፣ እንዳትረሳው።

ተሻላትና ቆረበች። ባናውም ታጥፎ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ጠዋት ስትጸልይ መጀመሪያ የወንድሜን ስም ትጠራለች፤ አስከትላ የዚያን ሰው። እኔ ያን ሰዓት ምክንያት ፈልጌ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ቅዳሜ ስመጣ ደግሞ፣ «ያ ሰው ደህና ነው?» ትለኛለች።

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

«እግዜር ይጠብቀው፤ መንገዱ ክፉ ነው።»

ልጇ ስንት ጊዜ ከሰማይ በሰላም እንደወረደ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።