ከባሉጡ ጀርባ የተደረደረ ዝግባ

ቱዳ የማገዶ ቤቷን በር የምትከፍተው በመንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩን ካየች በኋላ ነበር። ከበሩ ትይዩ ባሉጥ የተባለው ጠንካራ ማገዶ ተደርድሯል፤ ከወለል እስከ ደረቷ ድረስ፣ አንዱ ፍልጥ በሌላው ላይ፣ ጫፋቸው እኩል ሆኖ። በአጠገቡ ለሚያልፍ ሰው ቤቱ እስከ ጀርባው ግድግዳ ድረስ የሞላ ይመስላል። እሷ ግን በረድፉና በግድግዳው መካከል በጎኗ ተጣብቃ ትገባና ከኋላ ያለውን ታነሣለች። ከኋላ ያለው ዝግባ ነው።

ዝግባውን ከጫካ አላመጣችውም። ዐርባ ዓመት ሙሉ ከአዝሩ ከተማ በላይ ካለው ተራራ ማገዶ በጀርባዋ ተሸክማ ወርዳለች፤ ዐምና ግን ሁለቱም ጉልበቶቿ እምቢ አሉ። ይህኛው ሟቹ ባሏ ሐሙ በገዛ እጁ የሠራው የበጎች በረት ጣሪያ ነበር። በረቱ የበረዶ ክብደት አጉብጦት ሲወድቅ እንጨቱን ለይታ አስቀመጠችው። ሠላሳ ዓመት የደረቀ ነው። ሲፈለጥ ግን ውስጡ ቀይ ነው፤ ሽታውም ትናንት የተቆረጠ ያስመስለዋል።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። ልጇ ድሪስ መክነስ ከተማ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። በዚያ ወር አንድ ቀን መጥቶ ጓሮው ውስጥ ቆሞ፣ ከከተማ የገዛላትን ባሉጥ ከመኪና ላይ እያወረደ፣

«እማ፣ ዘንድሮ እዚህ አትከርሚም» አላት።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ጉልበትሽ።»

«ጉልበቴ ምን አፍ አለው? የምናገረው እኔ ነኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ፍልጥ ለማን ነው የምታወርደው?»

«እሺ፣ ይህ ሲያልቅስ? ማን ወጥቶ ያመጣልሻል?»

ያን ጊዜ ቱዳ ቃል ሰጠች። «ባሉጡ እስካለ ድረስ ከዚህ አልነቃነቅም። ያለቀ ዕለት ራሴ ደውዬ ና ውሰደኝ እልሃለሁ። ርቅያ ትመስክር!»

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ የርቅያ ድምፅ መጣ። «ሰምቻለሁ! እናንተ ስትጮኹ ያልሰማ ቢኖር መስጊድ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፤ እሱም ደንቆሮ ነው።»

ቱዳ መክነስን ታውቀዋለች። ዐምና ዐሥራ ሁለት ቀን ከድሪስ ቤት ተቀምጣለች። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ያያል። ምራቷ ደግ ናት፤ ብርጭቆ እንኳ እንድታጥብ አልፈቀደችላትም። ቱዳ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማንም ምንም ሳይፈልግባት ትውላለች። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ዶሮዎቼን ሰው ይሰርቅብኛል ብላ ተመለሰች። ዶሮዎቹ አራት ነበሩ።

በረዶው በኅዳር መጀመሪያ ወረደና አልነሣ አለ። በመንደሩ ልማድ አለ፦ ፀሐይ ጣሪያ ላይ ሳትደርስ ከጭስ ማውጫው ጭስ ያልወጣ ቤት ይንኳኳል። ሽማግሌ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ደግሞ ሁለቴ ይንኳኳል። ስለዚህ ቱዳ ሌላው ሁሉ ቢቀር ጠዋት እሳት ማንደድ ነበረባት፤ የምትቀቅለው የገብስ ሾርባም ሆነ በአሪቲ የምታፈላው ሻይ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ባሉጡ እሷ ካሰበችው በላይ ቶሎ ሄደ። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ረድፍ ቀረ። በዚያ ረድፍ ፊት ረጅም ሰዓት ቆመች። «አላለቀም እኮ፣ ይኸው አለ» አለች ለራሷ። ከዚያ ከኋላው ያለውን ዝግባ ማንሣት ጀመረች።

በዚያ አገር ሰዎች ባሉጥ የቤት ሰው ነው ይላሉ፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያሞቅሃል። ዝግባ ግን እንግዳ ነው፦ ይመጣል፣ ያወራል፣ ይሄዳል። በእውነትም ምድጃው ውስጥ ሲገባ ይንጣጣል፣ ይፈነጥቃል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ነጭ አመድ ይሆናል። ሌላም ችግር አለበት። ጭሱ ይጣፍጣል። የባሉጥ ጭስ መራራ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። የዝግባ ጭስ ግን በነፋስ መንደሩን ያዳርሳል።

«ላላ ቱዳ!» አለች ርቅያ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ። ላላ የምትላት ስታከብራት ወይም ስትቀልድባት ነው። «ቤትሽ አናጢ ገባ እንዴ?»

«ለማቀጣጠያ ነው።»

«ለማቀጣጠያ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታቀጣጥዪ ከርመሽ፣ መቼ ነው የሚነድልሽ?»

«አንቺ አፍንጫሽን ከእኔ ጓሮ አውጪ።»

«እኔ መቼ አስገባሁ? ጭስሽ ነው እኛ ቤት የገባው።»

ቱዳም በሩን ዘጋች፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደከማት። ማገዶ ከመሸከም ይልቅ የፊቱን ረድፍ መጠበቅ ከበዳት። ሰው ሲመጣ ማገዶ ቤቱ ክፍት እንዳይሆን፣ ባሱ የሚባለው የርቅያ ባል «ፍልጥ ልፍለጥልሽ» ሲል ምክንያት እንድታገኝ፣ ስትዋሽ እንዳይታወቅባት መጠንቀቅ አለባት።

ዝግባው ቶሎ ሲያልቅባት ጊዜ ማንም የመንደሩ ሴት ልጅ በስምንት ዓመቷ የምታውቀውን ነገር ተላለፈች። ባሉጥን ማፈን ይቻላል፤ የምድጃውን የአየር በር ትዘጋውና እስከ ንጋት ፍም ይዞ ያድራል። ዝግባ ግን አይታፈንም። ከታፈነ ሙጫው አይነድም፤ ጥቁር ቅጥራን ሆኖ በጭስ ቧንቧው ውስጥ ይለጠፋል። ቱዳ ይህን ታውቃለች። ለገዛ ልጆቿ እጃቸውን እየመታች አስተምራለች። ቢሆንም ክምሩ በየቀኑ ሲጎድል እያየች፣ ሁለቱን ፍልጥ ወደ አራት ሰዓት ለመሳብ፣ የአየር በሩን ዘጋችው። በማግስቱም ዘጋችው። ምድጃው ለብ ብሎ ይውላል፤ እሷም ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ሰኞ ጠዋት የአየር በሩን ከፍታ አዲስ ፍልጥ ስትጨምር ቧንቧው አጉረመረመ። መጀመሪያ ከባድ መኪና በመንገዱ ላይ የሚያልፍ መሰላት። መንገዱ ግን በበረዶ ተዘግቷል። ቀና ስትል ቧንቧው ከምድጃው በላይ ክንድ ያህል ቦታ ቀልቷል፤ ቅላቱም ወደ ጣሪያው እየወጣ ነው። ቧንቧው ጣሪያውን የሚያልፈው በሁለት የዝግባ ማገሮች መካከል ነው።

አልጮኸችም። ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክራ የምድጃውን አፍ ደፈነች፤ የአየር በሩንም ዘጋች። ከዚያ ወጥታ የርቅያን በር በጡጫ መታች።

«ቧንቧዬ ተያያዘ።»

ባሱ በባዶ እግሩ ጫማ አጥልቆ፣ አካፋ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ርቅያ ከታች ሆና፣ «ውሃ እንዳታፈስበት! ይፈነዳል! በረዶ፣ በረዶውን ዙሪያውን!» ትላለች።

«ሴትዮ፣ አንቺ ነሽ ጣሪያ ላይ ያለሽው ወይስ እኔ?»

«አንተማ ብታውቅ መች እናገራለሁ!»

ባሱ በረዶውን እየዛቀ በቧንቧው ዙሪያና በማገሮቹ ላይ ከመረ። በረዶው ሲነካው ይጮኻል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ እሱም እንደገና ይከምራል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። በኋላ ጉርምርምታው ቀነሰ፤ ቀጥሎ ጠፋ። አንደኛው ማገር ጠርዙ ከስሏል፤ ሌላው ደህና ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረው የቅጥራን ሽታና ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

ባሱ ወርዶ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እህቴ፣ ይህ ቧንቧ ሳይጠረግ ምንም እንዳታነጂ። እጠርግልሻለሁ። ከዚያ ጥሩ ባሉጥ ነው የሚገባበት፤ ቆይ ላምጣ» ብሎ ወደ ማገዶ ቤቱ ሄደ። ቱዳ አላስቆመችውም። እሱም ከረድፉ ላይ ሁለት ፍልጥ አነሣና በክፍተቱ ውስጥ ግድግዳውን አየ። ዝግባው እንኳ ሊያልቅ ስድስት ፍልጥ ነው የቀረው። ሁለቱን ፍልጥ ቀስ ብሎ ወደ ቦታቸው መለሰና ባዶ እጁን ተመለሰ።

ርቅያ የባሏን ፊት አይታ ራሷ ሄዳ አየች። ስትመለስ ቱዳ አጠገብ፣ በቀዘቀዘው ምድጃ ፊት ተቀመጠች።

«ከእኛ እናካፍላታለን» አለ ባሱ።

«የእኛ ለእኛም ለየካቲት አይደርስም» አለች ርቅያ፣ ቱዳን እያየች። «እሷም ይህን ታውቃለች።»

«አውቃለሁ» አለች ቱዳ። «በአንድ ቤት ማገዶ ሁለት ቤት አይከርምም።»

ከጣሪያው ላይ የቀለጠው በረዶ በምድጃው ብረት ላይ ይንጠባጠባል።

«ልጅሽ በየዓርቡ ይደውልልኛል» አለች ርቅያ። «የእናቴ ጭስ ወጥቷል ወይ ይለኛል። ወጥቷል እለዋለሁ። የምን ጭስ እንደሆነ አልጠየቀኝም።»

ቱዳ ቀና ብላ አየቻት። «ታውቂ ነበራ?»

«እንዴ፣ አፍንጫ የለኝም? ግን ስሚኝ። ምስክር አድርገሽኛል፤ ከጠየቀኝ አልዋሽለትም። እኔም አልደውልም። ደዋይዋ አንቺ ነሽ።»

ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ቁጥሩን ነካችና ለቱዳ አቀበለቻት። ቱዳ እጇ ጥላሸት ስለነበረ በሁለት ጣት ያዘችው።

«ርቅያ? ምን ሆነች?» አለ ድሪስ ወዲያው።

«እኔ ነኝ። ባሉጡ አልቋል።»

«መቼ?»

ዛሬ ልትል ትችል ነበር። ከዚያ ግን ሌላ ውሸት ማስታወስና መጠበቅ ይመጣል። «ከሦስት ሳምንት በፊት» አለች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታነጂ ነበር?»

«የአባትህን በረት።»

ከድሪስ በስተኋላ የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል። «መንገዱ እስከ ሐሙስ ዝግ ነው» አለ። «እስከዚያ ማን ጋ ታድሪያለሽ?»

«እኔ ጋ!» አለች ርቅያ ከጎኗ፣ ስልኩ ውስጥ እንዲገባ ጮኻ።

«ሐሙስ እመጣለሁ። እማ፣ ለብርዱ ጊዜ እኮ ነው። በጎች ወደ ተራራ ሲወጡ እመልስሻለሁ።»

«እንግዲህ» አለች ቱዳ። እሺም እምቢም አላለችም።

ሐሙስ መንገዱ ተከፈተ፤ ድሪስም ደረሰ። ቱዳ ለሦስት ቀን ርቅያ ቤት፣ ከሙቅ ምድጃ አጠገብ፣ ከማንም ምንም ሳትደብቅ ተኝታ ነበርና ዐይኖቿ አብጠዋል። ዶሮዎቹን ለርቅያ ሰጠች።

«አራቱንም ስመለስ እቆጥራቸዋለሁ።»

«ሁለቱ በሕመም ይሞታሉ፤ ካሁኑ ልንገርሽ» አለች ርቅያ። «በተለይ ወፍራሟ።»

ባሱ ሣቀ። ድሪስ የእናቱን ጥቅል መኪናው ውስጥ አስገብቶ በሩን ያዘላት። ጉልበቷን በሁለት እጇ አንሥታ ገባች። መኪናው በተጠረገው በረዶ መካከል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ድሪስ ስለ መኝታ ቤቷ፣ ምራቷ ስላዘጋጀችላት ብርድ ልብስ፣ ስለ ጋዝ ማሞቂያው ይነግራታል። ዞሮ አያት። ገና ጫካውን ሳይጨርሱ፣ ራሷን በመስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ አንቀላፍታለች።