ድንጋይ ያልተሸከመው ዳኛ

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረው የሠራተኞች መደዳ ቤት፣ ተረት የሚነግረን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስሙ ይርጉ ይባላል። ባቡሩ በየትኛው ሐዲድ እንደሚገባ ዘንጉን እየሳበ መስመር የሚቀይረው እሱ ነው። የግቢያችን እድር ዳኛም እሱ ነበር። እናቴ በሕይወት ኖራ እንዲህ «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ብታይ፣ «አንተ ልጅ፣ በአባትህ ታላቅ አፍህን አትክፈት» ትለኝ ነበር። ትበለኝ። ሰውየውን አንቱ ማለት የተውኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሁሉ የቆሰቆሰብኝ ዘንድሮ የመጣው በሽታ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ቤት ተቀምጠናል። ልጄ ሄለን ከሥራ ቀርታለች፤ የእሷ ልጅ ሶስና ትምህርት ቤቷ ተዘግቶባታል። እጃችንን ስንታጠብ፣ የበር እጀታ ስንወለውል፣ ዜና ስንሰማና እርስ በርስ ስንነጫነጭ እንውላለን። ሄለን ስልኳ ላይ ስታፈጥ እኔ እቆጣለሁ፤ እኔ ራዲዮ ስከፍት እሷ ትቆጣለች። ሶስና በሁለታችን መካከል ሶፋው ላይ ትዘላለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ «አባባ፣ ተረት!» ትለኛለች። ችግሩ፣ እኔ የማውቀው ተረት ሁሉ የይርጉ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬያለሁ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ለአንዲት ልጅ በሻማ ብርሃን የሚነገር ነገር ስፈልግ ግን አፌ ላይ የሚመጣው የዚያ ሰው ቃል ነው። ይህ ያናድደኛል።

ያኔ፣ የዕቃው ባቡር አልፎ ሐዲዱ መንቀጥቀጡን ሲተው፣ ይርጉ በግማሽ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ኩበት ያያይዝና ለባቡሩ ምልክት የሚሰጥበትን ፋኖስ ከጎኑ አስቀምጦ ይጠራናል፤ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ የፋኖሱ ቀይ መስታወት ፊታችንን እያቀላው፣ ከወንዙ የሚመጣው የፋብሪካ ቀለም ሽታ ከኩበቱ ጋር እየተደባለቀ፣ ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን። «ተረት ተረት» ሲል ሁላችንም «የመሠረት» እንላለን። አንድ አፍ እንኳ ከጎደለ አይቀጥልም። «ማነው ያልመለሰው? ጆሮውን ጅብ ይብላው!» ይልና እንደገና ይጀምራል።

ከሁሉ የምወደው የአህያዋን ተረት ነበር። እንስሳት ሁሉ የሚጠጡት ምንጭ ደፈረሰ። ዝንጀሮ ዳኛ ሆኖ ተሰየመ፤ አህያ ከሩቅ ገበያ አቧራ ለብሳ መጥታ ነበርና «ያደፈረሰችው እሷ ናት» ብሎ ፈረደባት። አህያ ከውሃው ተከለከለች። ምንጩ ግን አልጠራም። በኋላ ኤሊ እያዘገመች ወደ ላይ ብትወጣ፣ ለካ ከምንጩ ራስ ላይ ከርከሮዎች ይንከባለላሉ! ያን ጊዜ ዝንጀሮ ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አገር እያየው፣ አህያ ደጅ ሄዶ ወደቀ፤ «በድዬሻለሁ፣ ማሪኝ» አለ። ይርጉ እዚህ ሲደርስ እውነት ድንጋይ የተጫነው ይመስል ጎብጦ ያቃስታል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። «ሳቁ፣ ሳቁ» ይለናል። «ዳኛ መሳሳቱ አይገርምም። ድንጋዩን አልሸከምም ያለ ዳኛ ግን ከዝንጀሮም ያንሳል።»

እኔ አመንኩት።

አንድ ዓመት የበልግ ዝናብ እንደ ጀመረ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ በሽታ በባቡሩ መስመር ሽቅብ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ሰላምታ በሩቅ ሆነ። ማኅበር ቀረ። እኛ ልጆች ከግቢው እንዳንወጣ ተከለከልን። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበርና አዋሽ ወርዶ ሰንብቶ ልክ በዚያ ሰሞን ተመለሰ። ሲገባ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ላቡ ጋቢውን አልፎ ነጠላ ፍራሻችንን አራሰው። አዋሽ የሚወርድ የባቡር ሰው ሲንቀጠቀጥ ምን ማለት እንደሆነ በግቢው የማያውቅ አልነበረም። ያን ዓመት ግን ማንም ማወቅ አልፈለገም።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ውሃ ልንቀዳ ወደ ግቢው የጋራ ቦኖ ሄድን። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ ቆመች።

«እንስራሽን አንሺው፣ እህቴ። ለልጆቻችን ብለን ነው።»

«ዘነቡ፣ አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ? ወባ ነው እኮ! አምና ሲይዘው ብርድ ልብስ ያዋስሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ዘነበች ወደ ይርጉ ዞረች። ይርጉ ከቦኖው ራስ ቆሟል። «እድሩ መክሯል» አለ። «ነገሩ እስኪጣራ ቤታችሁ ተቀመጡ። ቦኖው ጋ አትምጡ።»

«ማን ነው የሚያጣራው? ደጃችንን የረገጠ ሰው አለ?»

«እስኪጣራ ነው ያልኩት፣ አንቺ ልጅ።»

እናቴ እንስራዋን አዝላ ወደ አቃቂ ወንዝ ወረደች። ዛሬ ሳስበው ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ያ በሽታ የሚተላለፈው በውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ ካለበት አባረው፣ በሽታው ሊኖር ወደሚችልበት ሰደዱን። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም፣ የወንዙን ውሃ አፍልታ፣ አጥልላ፣ መልሳ ታፈላው ነበር። አንዲት ክፍል ውስጥ አባቴ ይቃዣል፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን ጋዜጣ ያረጥባል። በራችንን ከፍቶ የሚጠይቀን አልነበረም። ውጭ ተረቱ እንደ ወትሮው ቀጥሏል። እኔ በበሩ ስንጥቅ ቀዩን ብርሃን እያየሁ፣ ልጆቹ ሲመልሱ እኔም በሹክሹክታ «የመሠረት» እል ነበር። ያንን ሳስታውስ በራሴ እናደዳለሁ።

በኋላ ከጤና ጣቢያ አንድ ድሬሰር ቤት ለቤት እየዞረ መጣ። አባቴን አየው፣ ኪኒን ሰጠው፤ ሲወጣ ግቢው መሀል ቆሞ «ይህ ሰው ወባ ነው የያዘው! ከውሃ የከለከላችሁት በማን ትእዛዝ ነው?» ብሎ ጮኸባቸው። ሁሉም ወደ የቤቱ ገባ። በማግስቱ እናቴ እንስራዋን ቦኖው ስር አስቀመጠች፤ ማንም ምንም አላላትም። ምንም።

እኔ ግን ድንጋዩን ጠበቅሁ። ድንጋይ እንደሆነ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ተከምሯል። ለይርጉ ጫንቃ የሚሆነውን እንኳ በዓይኔ መርጬለት ነበር። ደጃችን ላይ ተቀምጬ ከአሁን አሁን ይመጣል ስል መሸ። ይርጉ ወጣ፤ በርሜሉን አያያዘ፤ ፋኖሱን አስቀመጠ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ጠፋህብን እኮ! ና እንጂ።»

ጠፋህብን አለኝ። ሄድኩና ተቀመጥኩ።

«ተረት ተረት።»

ልጆቹ መለሱ። እኔ ዝም።

«ማነው ያልመለሰው?»

«እሱ ነው! እሱ ነው!»

«ምነው፣ ምላስህን ወባው በላው?»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ወባ መሆኑን በአፉ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በቀልድ። ጥርሴን ነክሼ ፍሙ ላይ አፈጠጥኩ። ሦስተኛ ጊዜ «ተረት ተረት» አለ፤ አሁን ሳቁ ከድምፁ ወጥቷል። ካልመለስኩ ተረት የለም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ደግሞ አልመልስም። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት ኃይል የተሰማኝ ጊዜ የለም።

«የመሠረት፣ ጋሽ ይርጉ» አለ ከኋላዬ አንድ የደከመ ድምፅ። «ይቀጥሉ።»

አባቴ ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የበራችንን መቃን ተደግፎ ቆሟል። ይርጉ ቀጠለ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ «አባትህ ሰው አዋቂ ነው፤ ከእድር ዳኛ የተጣላ ማን ይቀብረዋል?» ትለኝ ነበር። ይገባኛል። መግባት ሌላ፣ መቀበል ሌላ። ይርጉ ሲሞት ትልቅ ድንኳን ተተከለለት፤ አስከሬኑን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ነበር። ለእኛ ድንጋይ ያልተሸከመውን ጫንቃ፣ የእኛ ጫንቃ ተሸከመው።

ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ ለሶስና የአህያዋን ተረት ነገርኳት። ጎብጬ አቃሰትኩላት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አባባ፣ ይሄን ማን ነገረህ?»

ነገሩን የምታውቀው ሄለን ቀና አለች።

«አባቴ» አልኩ።

«ሌሎቹንም?»

«ሁሉንም።»

«አባዬ!» አለችኝ ሄለን። ካሳ ካልከፈሉን፣ እኔ ራሴ ልውሰድ አልኩ። ከእንግዲህ ተረቶቹ የአባቴ ናቸው፤ ይግባኝ የሚል ካለ ይምጣ።

ያረካኛል ብዬ ነበር። ሶስና ግን በዚያ አላበቃችም። ስለ ቅድመ አያቷ ትጠይቀኛለች፤ ድምፁ እንዴት ነበር፣ ይስቅ ነበር ወይ፣ እሳቱን የሚያነደው እሱ ነው ወይ። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሥራው ሐዲድ ላይ ጎንበስ ብሎ ብሎን ማጥበቅ ነበር፤ ማታ ይበላና ይተኛል። ስለ እሱ የምነግራት ተረት የለኝም። ስለዚህ የይርጉን ድምፅ፣ የይርጉን ሳቅ እሰጠዋለሁ። ትናንት ሥዕል ስላ አሳየችኝ፤ «ያንተ አባት ነው» አለችኝ። አንድ ሰውዬ ፋኖስ ይዞ ይስቃል። አባቴ የትም የለበትም።