ዶዮገና መታጠፊያ ላይ የተሰማው ጩኸት

ወሬው ሲደርሰኝ ድሬዳዋ ነበርኩ። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ቴኳንዶ ልትመዘገብ ተራ ይዛለች። አክስቷን አይታ ነው፤ ታናሽ እህቴ ምሕረት ሆሳዕና ስትማር የሰለጠነችው ቴኳንዶ ነው፤ አሁን ዶዮገና በየማለዳው የሰፈሩን ልጆች መታጠፊያው ጋ መንገድ ዳር ታሠራለች። ስልኩን አነሳሁ። ወንድሜ ነው። ምሕረት ለማለዳ ጸሎት ስትወጣ እዚያው መታጠፊያው ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላ ይዘው ደበደቧት፣ ስልኳን ወሰዱ፣ መንጋጋዋ ተሰብሯል አለኝ።

ልጄን «ጫማሽን አድርጊ» አልኳት። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ብቻዬን አውቶቡስ ላይ ነኝ።

ሆሳዕና

ከወራቤ ጀምሮ ዝናብ። ዶዮገና ቤታችን ከመድረሴ በፊት ምሕረትን ያሠለጠናትን ሰው ማየት ፈለግሁ። አዳራሹ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮው ያፈሳል። ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች በየምቱ «ኪያ!» ይላሉ። አንዷ ተመትታ «ኡኡ» ስትል ሌሎቹ ሳቁባት።

«እዚህ ቤት ኡኡ የለም፤ ለለቅሶ አስቀምጪው» አላት ማስተሩ። እኔም ፈገግ አልኩ።

የምሕረትን ነገር ስነግረው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቴኳንዶ እግር ነው፣ ለትንፋሽና ለወገብ የሚስተካከለው የለም፣ ግን ርቀት ይፈልጋል አለኝ። ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቀ። ረጅም ጉርድ፣ የላስቲክ ጫማ፤ መንገዱም ጭቃ አልኩት። በጉርድና በጭቃ እግር አይነሳም አለኝ።

ዱራሜ

እዚህ ካራቴና ጁዶ የሚያስተምር ሰው አለ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ልጄን የትኛውን እንደማስተምራት ማወቅ አለብኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን ስናወራ ሾፌሩ በመስተዋት አየኝና «እህቴ፣ ዱላ የያዘ ሰው የቀበቶሽን ቀለም አይጠይቅም» አለኝ።

አሠልጣኙ ግራጫ ጢም ያለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ካራቴ እጅ ነው፣ ለቅርብ ይሻላል፤ ከኋላ ለተያዘ ግን ጁዶ፤ መውደቅንም መነሳትንም ያስተምራል አለ። ለሴት ልጅ ይበጃል ብዬ ልቤ ወደ ጁዶ አደላ። ሲሸኘኝ ታዲያ «ሁለት ሆነው ከመጡ ሦስቱም አያዋጡም። ትሩጥ፣ ሰው ትጥራ። በእኛ አገር ሰው ሲጠራ ይመጣል» አለኝ።

ዶዮገና

ምሕረት ጥርሶቿ በሽቦ ታስረዋል። የቡላ አጥሚት በማንኪያ እሰጣታለሁ፤ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል። ፖሊስ አንዱን ተጠርጣሪ ይዞ ምስክር ስላጣ ለቆታል። ሰውዬው በደጃችን ያልፋል። እህቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ለጸሎት አልወጣችም።

ቤታቸው ከመታጠፊያው በላይ የሆነው ጋሽ ሄሬጎ ሊጠይቋት መጡ። ጸለዩላት። በር ላይ ስሸኛቸው ቆብ አውልቀው ቆሙ።

«ሰምተን ነበር እኮ ልጄ። ኪያ፣ ኪያ ትላለች። ልጆቹን እያሠራች መስሎን። ምሕረት ዛሬ ጸሎቱን ትታ ግጥሚያ ገባች ብዬ ለባለቤቴ ቀለድኩ።» ቆባቸውን አገላበጡ። «አንዴ ኡኡ ብትል፣ አገሩ በሙሉ ዱላ ይዞ ይወጣ ነበር።»

ተመልሼ ገባሁ። ለምን ኡኡ አላልሽም አልኳት።

«አልመጣልኝም» አለች በጥርሶቿ መሃል። «የለመድኩት ወጣ።»

መመለሻ

ይህን የምጽፈው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ልጄን ጁዶ አስመዘግባታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ግቢያችን ውስጥ አቁሜ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ኡኡ ማለትን አስተምራታለሁ።

በዚያ ማለዳ በመታጠፊያው አካባቢ ለነበራችሁ፦ ወተት ይዛችሁ ወደ ገበያ ስትወርዱ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ወደ ጸሎት ስትሄዱ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ስቃችሁ ላለፋችሁ። አልቀየምኳችሁም፤ እኔም ሆሳዕና ላይ ፈገግ ብያለሁ። ሁለቱ ሰዎች ሲሮጡ ያያችሁ ግን ፊታቸውን ለፖሊስ ተናገሩ። ጋሽ ሄሬጎ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብለዋል። ያን ቀን መጥራት አልሆነላትም፤ እኔ በእሷ ፋንታ እየጠራኋችሁ ነው፤ ውጡ።