ኩኩሉ በጉም ውስጥ

ልጄ ሄለን ለልጇ ለናታን ሰዓት ገዛችለት። ሰማያዊ ነው፤ የላስቲክ ማሰሪያ አለው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት አይደለም የተገዛው። ልጁ የት እንዳለ ለእናቱ ስልክ የሚናገር ሰዓት ነው። ሄለን ቢሮዋ ቁጭ ብላ ስልኳን ከፈት ታደርግና ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ታያለች፤ ናታን ማለት እሷ ነች። ነጥቧ ግን ንቅንቅ አትልም። ልጁን የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ወሰን ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ያወርደዋል፣ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ስልክ ይጎረጉራል፣ እስኪተኛ ድረስ ይኸው ነው። ይሄን ልጅ ለማግኘት ሰዓት አያስፈልግሽም፣ ወደ ሶፋው እጅሽን ብትዘረጊ ይበቃሻል አልኳት። ተቀየመችኝ። ብትቀየምም እውነቱ እሱ ነው።

በቀደም ደግሞ ቅዳሜ እንጦጦ ይዤው ልውጣ አልኳት። ብርድ ነው አለች። ጭቃ ነው አለች። ጉም ይወርዳል አለች። በመጨረሻ የሆዷን አወጣችው። «እዚያ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለም እኮ አባዬ። ቢጠፋብንስ?»

ቢጠፋብንስ። እንጦጦ ላይ ልጅ ሲጠፋ አይቻለሁ። የጠፋችው እህቴ ነበረች።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ጫካውን በሚነካበት በኩል ነበር። «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ድሮ ይርበን ነበር። ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ድስቱንም ሳፋውንም ከሚያንጠባጥበው ስር እየደቀንን ነበር የምንተኛው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሄለን ከተወለደች በኋላ ነው፤ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ፣ ከሥራ መልስ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ። ስለዚህ ለትዝታ ብዬ የማሳምረው ነገር የለም። ደጁ ግን የኛ ነበር። ያንን ማንም አልከለከለንም።

እናታችን ከእንጦጦ የባህር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ ትሸጥ ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ብርቄም ተከትለናት እንወጣለን፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ እኛን ተከትለው ይወጣሉ። እሷ ስትጠርግ እኛ እንጫወታለን። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል ከመሬቱ የሚነሳውን ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ያውቀዋል፤ እርጥብ ቀይ አፈርና የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ጉሮሮ ድረስ የሚገባ። ከዛፉ የወደቀውን ፍሬ እናሾራለን፣ በቅርፊቱ ቁልቁል እንንሸራተታለን። ቁምጣችን ከኋላው ሁልጊዜ የተቀደደ ነው። ከሁሉም የምንወደው ግን ኩኩሉ ነበር።

የኔ እኩዮች ይሄን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ለልጅ ልጆቻችሁ ግን ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው፤ እኔ ለናታን እንዳስረዳሁት። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ዛፍ ላይ ይደገፋል። «ኩኩሉ!» ይላል። ተደባቂዎቹ እየሮጡ «አልነጋም!» ይላሉ። እንደገና «ኩኩሉ!»፣ እንደገና «አልነጋም!»፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ አንዱ «ነጋ!» ይላል። ያን ጊዜ ፍለጋው ይጀመራል። የኛ ዛፍ ግንዱን መብረቅ የሰነጠቀው ትልቅ ባህር ዛፍ ነበር።

ቀጮ የምንለው ልጅ ነበረ፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል። የሰው ድምፅ ማስመሰል ይችልበት ነበር። ፈልጎ ያጣው ልጅ ሲኖር የልጁን እናት ድምፅ አስመስሎ ይጣራል። በአንዱ ሳምንት ብርቄን በእናታችን ድምፅ «ብርቄዬ፣ ነይ ዳቦ ብይ» ብሎ አስወጣት። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እጇን ዘርግታ ዳቦዋን ልትቀበል ስትሮጥ ያዛት። ከዚያ ወዲያ ስሟ ዳቦዬ ሆነ። «ዳቦዬ መጣች»፣ «ዳቦዬ፣ ቅቤ ይቀባልሽ?» ሲሏት ታለቅስ ነበር። ሁለተኛ ብታለል ብላ ማለች። እኔም ሰምቻታለሁ።

ያ ቀን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ፈላጊው ቀጮ ነበር። ኩኩሉ አለ፣ አልነጋም አልን፣ ተደበቅን። አንዱ ነጋ አለ። ቀጮ ገና ፍለጋውን ሳይጀምር ጉሙ ከተራራው አናት እንደሚገነፍል ወተት ወረደብን። ከቅጠል ክምር ስር አንገቴን ሳወጣ ከፊቴ ያለው ዛፍ የለም። ቀጥሎ የራሴ እግር ጠፋኝ። ከላይ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ነጎድጓድ ይጎተታል። ተጠራርተን አንድ በአንድ ወደ ስንጥቁ ዛፍ መጣንና እጅ ለእጅ ተያያዝን። ሁሉም አለ። ብርቄ የለችም።

እናቴ የቅጠል ሸክሟን ስትጥል የሰማሁት ዱብታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ብርቄ!» አለች። ምንም። «ብርቄዬ! ነይ እናቴ!» ምንም። ሌሎቹም ቅጠል ጠራጊዎች ተጣሩ። ቀጮ ፊቱ አመድ መስሎ «ዳቦዬ፣ ጨዋታው አልቋል፣ በናትሽ ውጪ» እያለ ይጮኻል። ዛሬ ሳስበው የባሰ ያበላሸው እሱ ነው።

በጩኸቱ ጋሽ ቱፋ መጡ። ከጫካው ጥግ ላይ ቤት የነበራቸው፣ ድሮ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ላይ አንጋጠው አዳመጡ። «ላይ ዘንቧል» አሉ። «ፈፋው አሁን ይመጣል።» ፈፋው ማለት በጫካው መሃል የሚወርድ ጥልቅ ቦይ ነው። ሲደርቅ ልጅ ይጫወትበታል። ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው፤ አህያ ሲወስድ አይተናል። እንደኛ ላለ ተደባቂ ደግሞ ከፈፋው ዳር የተሻለ መደበቂያ የለም። እናቴም ይሄን ታውቅ ነበር። ጋሽ ቱፋ በዱላቸው መንገዱን እየዳበሱ «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ፣ ኮቱ» እያሉ ወረዱ፤ ነይ፣ ልጄ፣ ነይ ማለታቸው ነው። ጫካው ድምፃቸውን ዋጠው። ይመሽ ጀመር። ሲመሽ ደግሞ እዚያ ጫካ ውስጥ ማን እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን ግን ማንም አልጠራውም።

እኔን ስንጥቁ ዛፍ ስር አቁመውኝ ከዚህ ንቅንቅ ብትል ተባልኩ። ግንባሬን ቀጮ ተደግፎ የነበረበት ቦታ ላይ ደገፍኩ። ቅርፊቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፈንኩና ባለኝ ኃይል «ኩኩሉ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ከጉሙ ውስጥ ወጥታ በጥፊ አለችኝ። «በልጄ ትጫወታለህ? በልጄ?» ልትደግመኝ እጇን እንዳነሳች ከታች፣ ከሩቅ፣ ቀጭን የተቆጣ ድምፅ መጣ።

«አልነጋም!»

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ቱፋ ከታች «ዝም በሉ! አንተ ልጅ፣ ድገም!» አሉ። ደገምኩ። መለሰች። በጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከቀኝ ይመስልና ከግራ ይሆናል። ጋሽ ቱፋ ተመልሰው እጄን ያዙኝ። እጣራለሁ፣ እናዳምጣለን፣ ትንሽ እንሄዳለን። እጣራለሁ፣ እናዳምጣለን። ከላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የድንጋይ መንከባለል። ኩኩሉ ማለት አቃተኝ። ጋሽ ቱፋ እጄን ጨመቅ አደረጉና «አታቋርጥ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ከፈፋው ዳር የወደቀ ዛፍ ነበር። ከሥሩ ስር የተቦረቦረ ጉድጓድ አለ። ጋሽ ቱፋ በደረታቸው ተኝተው እጃቸውን ሰደዱና ብርቄን በቀሚሷ ጎትተው አወጧት። ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን ውሃው መጣ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ እንጨት ይዞ። ጉድጓዱን ሞላው፤ የወደቀውንም ዛፍ አነሳው።

እናቴ አልመታቻትም፣ አልሳመቻትም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና የብርቄን ቀሚስ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ብርቄ ግን ተናዳ ነበር። ማንም ሳያገኛት ተጎትታ በመውጣቷ ተናዳለች። ለእማዬ ለምን አልመለስሽም አልኳት። ቀጮ መስሎኝ አለች። ለኔስ ለምን መለስሽ? እንደ ሞኝ አየችኝ። «ኩኩሉ ሲባል አልነጋም ነው የሚባለው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

ቀጮ በናት ድምፅ ያጭበረብራል፤ በኩኩሉ ግን ማንም አጭበርብሮ አያውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ደጅ ስትጫወት የኖረች ልጅ ያንን ታውቃለች። በማግስቱ እናቴ «ፈፋው ጋ እግራችሁን እንዳላይ» አለችና ይዛን ወጣች። በር አልቆለፈችብንም። ቀጮም ከዚያ ወዲያ የማንንም እናት ድምፅ አላስመሰለም።

ይሄን ሁሉ ለሄለን ነገርኳት። ብርቄም ከካራ መጥታ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ የሚያማት ጉልበቷን እያሸች ትሰማለች። አሳመንኳት ብዬ ዝም ስል ሄለን ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ይኸው! ልትሞት ነበር እኮ አባዬ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ብርቄ ናት ያዳነችኝ። «ሄለንዬ» አለቻት፣ «ያን ጊዜ ስልክ ቢኖረኝም አላነሳውም ነበር። ቀጮ ነው ብዬ።» ሄለን ሳትወድ በግድ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ እንቢ ማለት አልሆነላትም። እኔም እመጣለሁ አለች።

እዚህ ላይ ለእኩዮቼ የምለው አለኝ። ልጆቹ ስልክ ላይ ተተከሉ እያልን እናማርራለን። ሜዳውን የሸጥነው እኛ ነን። ኳስ የሚገፋበት ቦታ ላይ መኪና ያቆምነው፣ ኮሪደሩ ላይ ልጅ ሲሮጥ በር ከፍተን የምንቆጣው እኛ ነን። ስልኩንም የሰጠናቸው እኛ ነን፣ ዝም እንዲሉልን። ይዛችኋቸው ውጡ። ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም።

ቅዳሜ ወጣን። ናታን ጫማዬ ተበላሸ አለ። ቀጥሎ የጉንፋን ቅባት ይሸታል አለ። ቅባቱ ነው ይሄን የሚሸተው አልኩት፤ ቆሞ አሸተተ፣ አንድ ቅጠል ቆርጦ ኪሱ ከተተ። መንገዱ አሁን አስፋልት ነው፣ ሰው ፎቶ ሊነሳ ይመጣል፣ ስንጥቁ ዛፍ የለም። አንዱን ዛፍ መርጬ ግንባሬን ደገፍኩ። ብርቄ የልጁን እጅ ይዛ እያነከሰች ወደ ዛፎቹ ገባች።

«ኩኩሉ!» አልኩ። ምንም የለም። ሄለን ከጎኔ ስልኳን እያሻሸች «አባዬ፣ ነጥቧ ጠፋች» አለችኝ። እኔም ብሆን፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ የቅርፊቱ ቅዝቃዜ ግንባሬ ላይ ሲሰማኝ መድገም አቃተኝ። «አንቺ ጥሪው» አልኳት። «ምን ብዬ?» አለች። ዓይኗን አስጨፍኜ ዛፉ ላይ አስደገፍኳት። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፤ ልጄ ሠላሳ ዓመት አልፏት ኩኩሉ ብላ አታውቅም።

ቀስ ብላ፣ እንዳፈረች፣ «ኩኩሉ» አለች። የብርቄ ሻካራ ድምፅ «አልነጋም» አለ። ሄለን ጮኽ ብላ ደገመችው። አሁን ሁለት ድምፅ ነበር። ሦስተኛውን ስትጣራ ብርቄ ዝም አለች፤ ከሩቅ፣ ከቁልቁለቱ በኩል፣ የልጁ ድምፅ ብቻውን፣ በሳቅ እየተቆራረጠ መጣ።

እናቴ ያን ቀን እንዲህ ያለ መልስ ለማግኘት ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻለች። ሄለን ዓይኗን ገልጣ ወደ ድምፁ ልትሮጥ ስትል ትከሻዋን ያዝ አደረግኳት።

«አትዙሪ» አልኳት። «ገና እየተደበቀ ነው።»