ለአረጋ የጠፋው ስድብ

የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች የአረጋን የሕይወት ታሪክ ጻፍልን አሉኝ። ከውጭ ሲመለስ በሚደረግለት አቀባበል ላይ በማይክራፎን ሊነበብ ነው። «ከትውልዱ ጀምር፣ ከዚያ ዋና ዋና ስኬቶቹን በተራ በተራ አስቀምጥ» አሉኝ። በተወለደ ጊዜ ምን ሠራ? አለቀሰ፣ ጡት ጠባ፣ ተኛ። እሱንማ ሁላችንም ሠርተነዋል። ደግሞ ከሰው ሁሉ እኔን መምረጣቸው ነው የሚገርመው። እኔ ጋሻዬ ገብረ ዮሐንስ፣ የላሊበላ ባጃጅ ነጂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አረጋ ከፋለን ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማመስገን አልለመደብኝም። ካበላሸሁት ጥፋቱ የመረጣችሁኝ የእናንተ ነው።

ሁለታችንም የብልባላ ልጆች ነን፤ እሱ የላይ ሰፈር፣ እኔ የታች። በገና በዓል ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሰፈሮች አዝመራው በተነሳበት ማሳ ላይ ይገጥማሉ። ቆልማማ ዱላ ይዞ፣ ሩር የምንላትን ድቡልቡል እየመቱ ወደ ተቃራኒው ዳር መንዳት ነው ጨዋታው። ግን ምቱ ግማሹ ነው፤ ግማሹ ስድብ ነው። አንዱ ዱላውን ሲያነሳ ከወዲያ ማዶ የስድብ ግጥም ይወርድበታል። የአያቱ ንፉግነት፣ የበሬው ክሳት፣ የሱሪው ቀዳዳ፣ የሚቀር የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? የተቆጣ እለት ተሸንፏል።

የታች ሰፈር አፍ አባቴ ነበር። እሱ ሲያረጅ ለእኔ አወረሰኝ። ጺም ሳናበቅል ለአረጋ ያወጣሁለት የመጀመሪያው ይሄ ነው፦

የላይ ሰፈሩ፣ የከፋለ ልጅ፣
አፈር ይቆፍራል፣ ሩር አያውቅም እንጅ።

ውሸት ነው፤ ያኔም ቢሆን ከሁላችንም አጥብቆ ይመታ ነበር። ስድብ ደግሞ ለሚችል ሰው ነው። እኛ ዘንድ የማይሰደብ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቁጥር የማይገባው ነው፤ ለእሱ ማን ግጥም ያባክናል? ዱላውን ሲያነሳ ሰው ዝም ብሎ ያየዋል፣ ያቺ ዝምታ ከሞት ትከፋለች። ሁለተኛው ዓይነት አንዴ ብቻ ታይቷል፤ እሱም የአረጋ አባት ከፋለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሩሯ ከቋጥኝ ሥር ተወሽቃ ዱላ የሚነሳበት ቦታ ጠፋ። ከፋለ ከወገቡ ተሰብሮ፣ ዱላውን ሳያነሳ፣ መሬት ለመሬት ላካት። በዚያ ሁሉ እግር መሀል ሹልክ ብላ ዳሩ አጠገብ ደረሰች። ለቀጣዩ ምት ሲቆም ሜዳው በሙሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። የሚለው አጣ። አባቴ የሚለው ማጣቱን ያየ ሰው ሁሉ አብሮት ዝም አለ። ከፋለ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ብዙም ሌላ ወሬ አላወራም፤ እኔም ብሆን አላወራም ነበር።

አረጋም እኔም ያን ቀን ከዳር ቆመን አይተናል። ካደግን በኋላ «አንድ ቀን አንተም ለእኔ ዝም ትላለህ» ይለኛል። «ነአኩቶ ለአብን፣ እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም» እለዋለሁ።

እሺ፣ ስኬት ያላችሁት ይምጣ። ትምህርቱን አስረኛ ላይ አቁሞ አዲስ አበባ ገባ። ጎልፍ ሊጫወት እንዳይመስላችሁ፤ ጎልፍ የሚባል ነገር ስለመኖሩም አያውቅም። አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር አጫጅ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያ ጋሽ ሀቢብ የሚባሉ የደሴ ሰው የካዲዎች አለቃ ነበሩ። ካዲ ማለት የተጫዋቹን ዱላዎች በቦርሳ ተሸክሞ አብሮት የሚዞር ሰው ነው። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለሠራተኞች ይለቀቃል። አንድ ሰኞ ጋሽ ሀቢብ «እስኪ አንተም ቅመሳት» ብለው ለአረጋ ዱላ ሰጡት። መታ። ኳሷ በረረች። እሱም ዱላውን እንደጨበጠ ተከትሏት ሮጠ፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመው ሊደግማት! ሠራተኛው ሣር ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ጋሽ ሀቢብ ብቻ አልሳቁም፤ እሳቸው ኳሷ የት እንዳረፈች አይተዋል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲመለስ «አብሽር ልጄ፣ እዚህ ኳስህን የሚነጥቅህ የለም። ቀስ ብለህ ድረስባት» አሉት።

የቆመ ኳስ መምታት ግን መከራ ሆነበት። የእኛ ሩር እየሮጠች ነው የምትመታው። «ተቀምጣ እያየችኝ እንዴት ልምታት? ያሳፍራል እኮ» ይለኝ ነበር በስልክ። ቢያሳፍርም አልተወም። ማለዳ ጤዛ ሳይረግፍ ይለማመዳል፣ ቀን ያጭዳል፣ ሲመሽ ደግሞ ይለማመዳል። መዳፉ ተልጦ ደርቆ፣ ደርቆ ተልጦ፣ እንደ ኮርቻ ቆዳ ሆነ። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው፤ እኔ ብሆን በሁለተኛው ሳምንት ተሳፍሬ ላሊበላ ነበርኩ። መጀመሪያ የካዲዎችን ዋንጫ ወሰደ። ቀጥሎ ቦርሳቸውን ይሸከምላቸው የነበሩትን ሰዎች አሸነፈ። ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ ጨዋታው እንጀራው ሆነ ማለት ነው። ብልባላ ሄጄ ለእናቱ ለእማማ ሸጌ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እና ገናን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጫወተው? ጾምም አይለይም?» አሉኝ።

ችግሩ የመጣው ከአገር ሲወጣ ነው። ናይሮቢ ላይ ዓመቱን ሙሉ በምሥራቅ አፍሪካ ለመወዳደር ፈቃድ የሚሰጥበት ማጣሪያ አለ። ያንን ካላለፉ ፕሮፌሽናል ማለት ባዶ ስም ነው። አረጋ ሁለት ዓመት ሄዶ ሁለቱንም ዓመት እየመራ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ወደቀ። ወጪውን ችሎ የሚልከው ድርጅት ዘንድሮ የመጨረሻው ነው ብሎታል። ካላለፈ ወደ ማጨዱ ሊመለስ ነው፤ ዱላዎቹንም ሊመልስ።

ያኔ ነው የደወለልኝ። ተሳላሚዎችን አሳፍሬ ወደ ነአኩቶ ለአብ እየሄድኩ ነበር፤ ዳር ይዤ ቆምኩ።

«ጋሻዬ፣ ሰዎቹ ዝም ይላሉ» አለኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ተመልካቾቹ። ልመታ ስቆም ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ደንባቸው ነው፣ ለክብር ነው አሉኝ። አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም። እጄ የሚለው ‹አረጋ፣ ከቁጥር አላስገቡህም› ነው። ይንቀጠቀጣል።»

ልስቅ ብዬ ሳቁ አፌ ላይ ደርቆ ቀረ። ያቺን ዝምታ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለማ።

«እና እኔ ምን ላድርግህ?»

«ካዲ ከራሱ ተጫዋች ጋር ማውራት ይፈቀድለታል። ና ስደበኝ።»

ባለቤቴ ውባንቺ ስትሰማ «ሰው ለመሳደብ ናይሮቢ ድረስ? እዚህ ሰው አለቀ?» አለች። አለች እንጅ ጋቢዬን አጥባ ቦርሳ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት። ባጃጇን ለወንድሟ ሰጥቼ አዲስ አበባ ወረድኩ። ጋሽ ሀቢብ የካዲን ሥራ እስኪበቃኝ አስተማሩኝ፦ ሌላው ሲመታ እንዳትነቃነቅ፣ ጥላህ ኳስ ላይ እንዳያርፍ፣ ከራስህ ሰው በቀር ለማንም ምክር እንዳትሰጥ። ቦርሳው ደግሞ ቦርሳ እንዳይመስላችሁ፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ መሸከም ይቀላል።

ናይሮቢ በልምምዱ ቀን እንደ ብልባላ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጀምር አንድ ዳኛ ወደ እኛ መጣ። ከዚያ ወዲያ በሹክሹክታ ሆነ። አረጋ ኳሷ ላይ ሲቆም ከኋላው ጠጋ እላለሁ፣ በጆሮው አወርድበታለሁ፦

አሥራ አራት ዱላ፣ ቦርሳ ሙሉ ብረት፣
ምን ሊፈይድ ኖሯል፣ ለሌለው ጉልበት?

ከንፈሩ ፈገግ ይላል፣ ትከሻው ይፈታል፣ ከዚያ ይመታል። ኳሷ እንደ ወፍ ትሄዳለች። ጋቢዬን ተከናንቤ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ያየ አብሮን የሚጫወት ኬንያዊ «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ አረጋን ጠየቀው። አረጋ ዓይኑን ሳያሽ «ይጸልይልኛል» አለው። በማግስቱ ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ለእኔም ይጸልይልኝ ብሎ መጣ። ደስ ብሎኝ እሰድበው ነበር፣ ግን ደንቡ ለራስ ተጫዋች ብቻ ነው። እጅ ነስቼ አለፍኩት።

እንዲህ ስንል የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረስን። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ኳሷ ካለችበት በሁለት ምት ጉድጓዱ ውስጥ ከገባች አረጋ አለፈ፣ ሦስተኛ ምት ካስፈለጋት ቀረ። ኳሷ ያረፈችው ግን አንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ሥር ነው፣ ከተጋለጠው ሥሩ መሀል ተወሽቃ። ከላይ ቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፣ ዱላ አይነሳም። ሰዉ ከዳር እስከ ዳር ከቦናል። እኔ እንደ ልማዴ ጠጋ አልኩ፦

አንበሳ ነኝ ብሎ ከላስታ የወጣው፣
ለካ ዛፍ ተጠግቶ ሊያለቅስ ነው የመጣው።

አረጋ ኳሷን አየ፣ ቅርንጫፉን አየ። ከዚያ ከወገቡ ተሰበረ። ዱላውን አላነሳም፤ መሬት ለመሬት ላካት። ከሥሮቹ መሀል ሹልክ ብላ ወጣች፣ ሣሩን እየላሰች ሄዳ፣ ዳገቷን ወጥታ፣ የጉድጓዱ ባንዲራ ከተተከለበት አጭር ሣር ላይ ደርሳ ቆመች። ከጉድጓዱ ያላት ርቀት ይህን ከምጽፍበት እስከ ደጅ እስከቆመችው ባጃጄ ቢሆን ነው።

ያንን ምት አውቀዋለሁ። ከእኔና ከእሱ በቀር እዚያ ሜዳ ላይ የሚያውቀው አልነበረም። የከፋለ ምት ነው።

ቦርሳውን ተሸክሜ ተከተልኩት። የመጨረሻዋን ምት ሊመታ ቆመ። እግሩን አስተካከለ። ሰዉ ጸጥ አለ። አረጋ እኔን ይጠብቃል። ጠጋ አልኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ስለ ክንዱ ፈለግኩ፣ ስለ ዓይኑ ፈለግኩ፣ ስለ ዘር ማንዘሩ ፈለግኩ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያልነጠፈ አፌ ነጠፈ። ከሁሉ የባሰው እንዳልሰድበው እንባ እየተናነቀኝ ነው። በገና ሜዳ ላይ አፉን መልሶ የዘጋው አባቴ ታየኝ፤ ያን ቀን አርጅቶ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አላረጀም። አፌን ዘጋሁ።

አረጋ ጠበቀ፣ ጠበቀ። እጁ ጀመረው፤ የዱላው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀልን አልኩ በልቤ። ከዚያ አንገቱን መለስ አድርጎ አየኝ። ዓይኔን አየ። ረጅም አልቆየም። ወደ ኳሷ ሲመለስ የዱላው ጫፍ ጸጥ ብሏል። ቀስ ብሎ ገፋት። ሄደች፣ ሄደች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያመነታች መሰለች፣ ገባች።

ሰዉ ሲያጨበጭብ አረጋ እጁን እንኳ አላነሳም። ወደ እኔ መጣ። ያ ኬንያዊ ያቅፈኛል፣ ጸሎቱ ደረሰ መሰለው። አረጋ ግን ሁሉንም ገለል አድርጎ አጠገቤ ቆመና በእኛው ቋንቋ፣ በዝግታ «ብልባላ ስትገባ እናቴ ጋ ሂድ» አለኝ። «ፈቃዱን አገኘ ብለህ አትንገራት፤ ምኑም አይገባት። ዝም ማለትህን ንገራት።»

እሱ እዚያው ለሚቀጥለው ውድድር ቀረ፣ እኔ ተመለስኩ። ብልባላ ስደርስ እማማ ሸጌ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳላደርስ ነገርኳቸው።

ሰፌዱን አስቀመጡ። «አንተ? የገብረ ዮሐንስ ልጅ?»

«አዎ እማማ።»

«አፍህን ከፍተህ ነበር?»

«ከፍቼ ነበር። የምለው አጣሁ።»

ተነሡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ልደግፋቸው ብል እጄን ገፉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ከደጃፉ መሀል ቆሙና እልል አሉ። ረጅም እልልታ ነው፤ የላይ ሰፈር ሰው ከየቤቱ ወጣ፣ ከታች ሰፈርም የመጣ አለ። ማን ተዳረ፣ ማን ወለደ ይላሉ። እማማ ሸጌ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ፣ «ይሄ የገብረ ዮሐንስ ልጅ ለልጄ ዝም አለለት» አሏቸው።

አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሉ። ጎልፍ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።