በበዓለ ሃምሳ የጾመው እንግዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በበዓለ ሃምሳ ነው። ውሃ ወደ አፌ ባቀረብሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከራቤል ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ምንጭ ጎልብቶ ቦኖ ተሠራልን። አንዲት ባለሙያም መጥታ የውሃውን ድፍርስነትና የክሎሪኑን መጠን የምትለካ ትንሽ ርካሽ መሣሪያ ገጠመች። አረንጓዴ ሲበራ ይጠጣል፤ ቀይ ሲበራ አይጠጣም። የልጄ የአስካለ ሕፃን በተቅማጥ ደጋግሞ ደክሞ ስለ ነበር፣ እርሷ መብራቷን ሳታይ ጀሪካኗን አትሞላም። ቀይ በበራ ቀን ገደሉን ወርዳ ከሩቁ ምንጭ ትቀዳለች። ሕፃኑም በረታ።

ለምረቃው አንድ የወረዳ ኃላፊ መጣ። የበልጉ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ስለ ነበር መብራቷ ከማለዳ ጀምሮ ቀይ ነበረች። እኔ ቄሱ ለቡራኬ ተጠርቼ ስደርስ ግን መሣሪያዋን በጨርቅ ሸፍነዋታል።

«ይህን ማን ሸፈነው?» አልሁ።

«ለፎቶ እንዳታስቸግር ብለን ነው አባታችን» አለ ኃላፊው። «ይባርኩልንና እንቀጥል።»

ጸሎቱን አደረስሁ። እንደ ልማዳችን የመጀመሪያው ኩባያ ለክብር እንግዳው ተሰጠ። እርሱም ኩባያውን አየት አደረገና፣ «እኔ እንኳ ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ለአስካለ አቀበላት።

«ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ የትኛውን ጾም ይዘህ ነው?» አልሁት።

«የወረዳ ጾም ይሆናላ» አሉ ከኋላዬ የቆሙ አንዲት አሮጊት። ሕዝቡ ሳቀ። አስካለ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው።

ኃላፊው ግን አልሳቀም። በሳምንቱ ሰዎች መጥተው መሣሪያዋን «ለጥገና» ብለው ነቅለው ወሰዷት። ስንጠይቅ ትመጣለች ተባልን። ደግሜ ስጠይቅ፣ «እርስዎ ጸሎትዎን ያድርሱ፤ ውሃውን ለባለሙያ ይተዉ» አሉኝ። ባለሙያዋን ግን ከዚያ ወዲህ አላየናትም።

ቦኖው ቅርብ ነው፤ ገደሉ ግን ሴቶቹን ያደክማል። የጠራ የመሰለንን ሁሉ እንጠጣለን። የሕፃኑ ተቅማጥም ተመለሰ። በዚያ ቀን በመናገሬ አልጸጸትም፤ ቅጣቱ የወረደው ግን በእኔ ላይ አይደለም።

አስካለ ጀሪካኗን አንሥታ ስትወጣ፣ «አባባ፣ ዛሬስ ይጠጣል?» ትለኛለች።

«እግዚአብሔር ያውቃል» እላታለሁ።

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ በእምነት ስናገረው ኖሬአለሁ። አሁን የምለው ግን እኛም እናውቀው የነበረውን ሰዎች ስለ ነጠቁን ነው።