ሁለት ዓይን ያለው ፎቶ

እንዳላማው ፎቶ ማንሳት የተማረው ደብረ ማርቆስ ከሰፈረ አንድ ጣሊያን ነው። ውሃ ሲቀዳለት፣ ዕቃ ሲሸከምለት ቆየና ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ ካሜራውን ተወለት። ከዚያ ወዲያ እንዳላማው እቤቱ አይገኝም። ዛሬ አማኑኤል፣ ነገ ደጀን፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ መንገደኛውን ሳያስበው ከጎኑ ቀጭ ያደርገዋል። ፎቶዎቹን አጥቦ ሲጨርስ ማርቆስ ገበያ ገመድ ወጥሮ ያንጠለጥላል፤ ራሱን ያየ ይወስዳል።

መጀመሪያ የጮኸችበት ጌሾ ሻጯ ዘሪቱ ናት። በአፍንጫዋ ነው የምታወራ።

«አንተ! ሁለተኛውን ዓይኔን የት ጣልኸው?»

«በወዲያ በኩል ነው እታለም፣ ከጎን ስላነሳሁሽ…»

«ይሁዳ አደረግኸኝ በለኛ! ቤተ ክርስቲያን ስመህ አታውቅም? ባንድ ዓይን የሚሣለው ማነው?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እንዳላማው ግን አልሳቀም። ገመዱን ጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉት የኔታ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄደ። የኔታ ፎቶዎቹን አንድ ባንድ ካፍንጫቸው አስጠግተው አዩ። እሳቸው ደግሞ ቃሉን እያኘኩ ነው የሚናገሩ።

«እጅህ ጥሩ ነው። ብርሃኑን አውቀህበታል። ሰዉን ግን ሰርቀኸዋል። እኛ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ከሓዲውን ባንድ ዓይኑ ነው የምንሥል፤ ሰዉም ይኸን ለምዷል። ፊት ለፊት ቁም። አስፈቅድ። ቀና እስኪል ጠብቅ።»

«ከፊታቸው ስቆም ይደነግጣሉ፣ የኔታ።»

«እስኪለምዱህ ቁማ! ምን አስቸኮለህ?»

እንዳላማው ሰማቸው። እውነትም ፎቶው ሌላ ሆነ፤ ዘሪቱ እንኳ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችለት።

አብሮ አደጉ አበረ ዱር ከገባ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጣሊያን ስሙን እንጂ መልኩን አያውቅም። አንድ ቀን ገበሬ መስሎ ጨው ሊገዛ አማኑኤል ገበያ መጣና እንዳላማውን አገኘው።

«አንሳኝና ለእናቴ ስጥልኝ፤ ካየችኝ ቆየች» አለው። ቆመለት፤ ቀና አለ።

እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ሊስቅ ሲል ነው የያዘው። በቀጥታ ለእናቱ ለወለተ ኪዳን ማድረስ ነበረበት። እሱ ግን የኔታ አይተው «ጎበዝ» እንዲሉት ፈለገ፤ ቅዳሜ ገበያ ከሌሎቹ መሀል አንጠለጠለው።

የኔታ መጡ። «ይኸስ ወጥቶልሃል» አሉና ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አበረ አይደለም እንዴ? አውርደው! አሁኑኑ!»

እጁን ሲዘረጋ ሌላ እጅ ቀደመው። አበረን ከልጅነቱ የሚያውቅ ባንዳ ነበር።

እንዳላማው መልእክት ላከ፤ አበረን ያገኘው ሰው የለም። በሚቀጥለው ገበያ የጣሊያን ወታደሮች ፎቶውን ይዘው በየገበያው መግቢያ ላይ ቆሙ፤ ጎረምሳውን ሁሉ ፊቱን እያዩ አሳለፉ። አበረን አማኑኤል ላይ ያዙት። በማግሥቱ ሰቀሉት።

እንዳላማው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ወለተ ኪዳን ደጃፍ ተንበረከከ፤ አንዱን ሳይደብቅ ነገራት።

«እኔ ፎቶውን አላየሁት። ከስቶ ነበር?»

«አልከሳም፣ እምዬ። ሊስቅ ነበር።»

«ሊስቅ?»

«አዎ። ጥርሱ ብቅ ብሎ።»

«ድንጋዩን አውርድና ደግመህ ንገረኝ» አለችው።

ይኸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሄዳል። ያንኑ ትጠይቀዋለች፣ ያንኑ ይነግራታል። ይቅር ብዬሃለሁ ግን እስካሁን አላለችውም።